የ403 መድኃኒቱ 777 አይደለም፦ በስፋት ለተሰራጨ ምክር የተሰጠ ምላሽ

በራሳቸው ሰርቨር ላይ ድረ ገጽ በሚያስተዳድሩ ሰዎች ዘንድ ሰሞኑን እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። «403 ፎርቢድን» የሚለውን የክልከላ መልእክት በአምስት ደቂቃ አስወግዱ ይላል። መወደዱ አይገርመኝም። አጭር ነው፤ አያመነታም፤ ተገልብጠው የሚለጠፉ ትእዛዞችን ደርድሮ ያቀርባል። ገጹ የተዘጋበት ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚፈልገው ትእዛዝ እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ነገር ግን ከትእዛዞቹ አብዛኞቹ ችግሩን አይነኩትም፤ ሁለቱ ደግሞ ከ403 የከፋ መዘዝ ይዘው ይመጣሉ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። 403 በመሠረቱ የፋይል ፈቃድ ችግር ነው፤ ስለዚህ የድረ ገጹን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ የፋይል ፈቃድን በሚቀይረው «ቺሞድ» በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ 777፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት፣ ማድረግ፣ ከተሳካ በኋላ ቀስ ብሎ ማጥበቅ። ካልተፈታ ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም ማዛወር፤ አሁንም እንቢ ካለ ሰርቨሩን ራሱን በሩት (በማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ማስኬድ። ኤችቲአክሰስ የሚባለውን በፎልደር ውስጥ የሚቀመጥ የአፓቺ ሰርቨር ቅንብር ፋይል ማጥፋት። ኤስኢሊኑክስን (የሊኑክስን ተጨማሪ የደህንነት ጥበቃ) እና ሞድሴኩሪቲን (ጥቃት የሚመስሉ ጥያቄዎችን የሚያግደውን የድር ሰርቨር ማጣሪያ) መዝጋት፤ እነዚህ ለትልልቅ ድርጅቶች የተሠሩ ናቸውና። በመጨረሻም የብራውዘሩን ካሽ ማጽዳት። ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ማንበብ ለባለሙያ የሚተው፣ ለጀማሪ ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ተደርጎ ግርጌ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅሷል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ሐሳብ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ገጹ ይመለስ፣ መረዳቱ ይደርሳል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ቦታ ልዝለለው አልፈልግም። ለጎብኚው የሚታየው የ403 ገጽ ምንም እንደማይነግር ያሉት እውነት ነው። ፎልደሩ ውስጥ የመነሻ ፋይል ከሌለ 403 ሊመጣ እንደሚችል መጥቀሳቸውም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከዚህ በላይ ቦታ ይገባው ነበር። ኤንጂንኤክስ የሚባለው የድር ሰርቨር ሌላ ካልተነገረው በቀር የሚፈልገው የመነሻ ፋይል የኤችቲኤምኤል ኢንዴክስ ብቻ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ያለው የፒኤችፒ ኢንዴክስ ከሆነና በኮንፊጉ (በቅንብር ፋይሉ) «ኢንዴክስ» መስመር ላይ ካልተጻፈ፣ ፋይሉ ዓይን ላይ ተቀምጦ ሳለ ገጹ 403 ይላል። ፈቃዱን ሺህ ጊዜ ቢቀያይሩት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

ይኸው ምሳሌ ግን የጽሑፉን የመጀመሪያ ነጥብ ያፈርሰዋል።

«403 የፋይል ፈቃድ ችግር ነው»

አይደለም፤ ሊሆን ይችላል እንጂ። በጁን 2022 የወጣው የኤችቲቲፒ መስፈርት፣ አርኤፍሲ 9110፣ ስለ 403 የሚለው ሰርቨሩ ጥያቄውን ተረድቶታል፣ ሊፈጽመው ግን አይፈቅድም የሚል ነው። ለምን እንዳልፈቀደ የመናገር ግዴታ የለበትም። ይህን «አልፈቅድም» ሊል የሚችለው ብዙ ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ፋይሉን አላስከፍትም ሊል ይችላል። የሌላው የድር ሰርቨር፣ የአፓቺ፣ ኮንፊግ ፋይሉን ሳይነካው ሊከለክል ይችላል። ሞድሴኩሪቲ የጥያቄው ይዘት አላማረኝም ሊል ይችላል። ፕሮግራሙ ራሱም አለ፤ ጃንጎ የሚባለው የድር ፕሮግራም መሥሪያ አንድ ፎርም የደህንነት ቶከኑን ሳይዝ ሲመጣ የሚመልሰው 403 ነው። ከሰርቨሩ ፊት ሲዲኤን (የገጹን ቅጂ ይዞ ጎብኚን በመካከል የሚያስተናግድ አገልግሎት) ቆሞ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ተከልክሎ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛ 403 የሚባል ነገር መኖሩም መረሳት የለበትም። አፓቺ ከነኮንፊጉ ሲመጣ ስማቸው በነጥብ «ኤችቲ» የሚጀምሩ ፋይሎችን ለማንም እንዳይሰጥ ታዞ ነው የሚመጣው። አክሰስ ሎጉ (የመጡ ጥያቄዎች መዝገብ) ላይ የማይታወቅ ሰው የይለፍ ቃል ፋይሉን ሲጠይቅና 403 ሲመለስለት ካያችሁ፣ የሚጠገን ነገር የለም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «እንዴት ልክፈተው?» ሳይሆን «ማን ነው የከለከለው?» የሚለው ነው። መልሱን የያዘው ደግሞ ጽሑፉ ግርጌ ላይ የጣለው ኤረር ሎግ፣ የስህተት መዝገቡ፣ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው አባባል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሎግ ለባለሙያ ነው የሚለው አነጋገር ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ከተሰጡት ትእዛዞች ሁሉ ይልቅ ቀላሉ እሱ ነው። አንድ መስኮት ላይ የኤረር ሎጉን ጭራ ከፍቶ፣ በሌላ መስኮት ገጹን አንዴ መጥራትና አዲስ የመጣውን መስመር ማየት ነው፤ ሌላ ጥበብ አይጠይቅም። ኤንጂንኤክስ ከሆነ የሚጠበቁት መልእክቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቁጥር 13 ከ«ፐርሚሽን ዲናይድ» ጋር ከመጣ የከለከለው ከርነሉ ነው፤ የፋይል ፈቃድ ወይም ኤስኢሊኑክስ ማለት ነው። «ዳይሬክተሪ ኢንዴክስ ... ኢዝ ፎርቢድን» ካለ የመነሻ ፋይል ጠፍቷል። «አክሰስ ፎርቢድን ባይ ሩል» ካለ ኮንፊጉ ውስጥ «ዲናይ» የሚል መስመር አለ፤ ሂዱና ፈልጉት።

አፓቺ ደግሞ ይብስ ግልጽ ነው፤ ለእያንዳንዱ መልእክት ቁጥር ይሰጣል። ኤኤች01630 ማለት የከለከለው ኮንፊጉ ነው። ኤኤች01276 ማለት የመነሻ ፋይል የለም፣ ዝርዝር ማሳየትም አልተፈቀደም። ኤኤች00035 ማለት ወደ ፋይሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ፎልደሮች በአንዱ ማለፍ አልተቻለም። ኤኤች00037 ካያችሁ ነገሩ የሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ጣጣ ነው። አራት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ጎብኚው ዘንድ ሲደርሱ ግን አራቱም አንድ 403 ናቸው። ለአራቱም 777 ማዘዝ ሦስት ጊዜ መሳት ነው፤ በአራተኛውም ላይ፣ ወዲያው እንደማሳየው፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

«ሁሉንም 777 አድርጉት፣ በኋላ ታጠብቁታላችሁ»

እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፤ የጽሑፉ ልብ ይህ ነውና።

በሊኑክስ አንድ ፋይል ለባለቤቱ፣ ለግሩፑና ለሌላው ሁሉ ለየብቻ ፈቃድ አለው፦ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። 777 ማለት ማንኛውም በማሽኑ ላይ ያለ ተጠቃሚ ሦስቱንም ማድረግ ይችላል ማለት ነው። የድር ሰርቨር አንድን ምስል ወይም የኤችቲኤምኤል ገጽ ለጎብኚ ለመስጠት የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ነው። የመጻፍ ፈቃድ መጨመር የንባብ ክልከላን የሚፈታበት አንድም መንገድ የለም። 777 ሲሠራ የሠራው ውስጡ ባለው 4 እና 1 ነው፤ 2ቱ ዝም ብሎ ለአጥቂ የተሰጠ ነው። ፕሮግራሙ አንድ ቀዳዳ ቢኖረው፣ ለምሳሌ የማይገባ ፋይል የሚቀበል የመጫኛ ቅጽ፣ አጥቂው የፈለገውን ኮድ በፈለገው ፎልደር ውስጥ ይጽፋል። የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ያለበት የኮንፊግ ፋይልም በማሽኑ ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ ተነባቢም ተቀያሪም ሆኗል።

ፎልደር ላይ ደግሞ ያ 1 የተለየ ሥራ አለው፤ በውስጡ የማለፍ ፈቃድ ነው። አንድን ፋይል ለማንበብ ከሥሩ ከስላሹ ጀምሮ እስከ ፋይሉ ድረስ በመንገዱ ላይ ባለው በእያንዳንዱ ፎልደር ማለፍ መቻል ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጥረውን የተጠቃሚ ሆም ፎልደር 750 አድርጎ ነው የሚፈጥረው፤ ማለትም ባለቤቱና ግሩፑ ካልሆነ ሌላ ማንም አያልፍበትም። ድረ ገጹን በሆም ፎልደሩ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የጽሑፉን ምክር ተከትሎ የድረ ገጹን ፎልደር 777 ቢያደርገው፣ የአጥሩ በር እንደተቆለፈ ሳሎኑን ወለል አድርጎ ከፍቶ እንግዳ እንደመጠበቅ ነው። 403ቱ ይቀጥላል።

ያን ጊዜ ሰውዬው ምን ያደርጋል? ጽሑፉ ያስተማረውን ይደግማል፤ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ ሆም ፎልደሩን 777 ያደርጋል። አሁን ገጹ ይከፈታል። ግንኙነቱን ዘግቶ ማሽኑን ከርቀት በሚያስገባው በኤስኤስኤች ቁልፉ ተመልሶ ልግባ ሲል ግን ሰርቨሩ አያስገባውም። የኤስኤስኤች ሰርቨር «ስትሪክትሞድስ» በሚባለው መነሻ ሕጉ መሠረት ሆም ፎልደሩ ሌላ ሰው ሊጽፍበት የሚችል ከሆነ በውስጡ ያለውን ቁልፍ አያምንም። በይለፍ ቃል መግባትን አስቀድሞ የዘጋ ሰው ከሆነ፣ የገዛ ማሽኑ ውጭ ቀረ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው ምን ነበር? መጀመሪያ «ኔምአይ» የሚባለውን ትእዛዝ ከነ «ኤል» አማራጩ በፋይሉ ሙሉ መንገድ ላይ ማስኬድ። ከላይ እስከ ታች ያሉትን ፎልደሮች ከነፈቃዳቸውና ከነባለቤታቸው በአንድ ዓምድ ያወርድላችኋል፤ የተዘጋው የቱ ጋ እንደሆነ በዓይን ይታያል። ወይም በ«ሱዶ» የሰርቨሩን ተጠቃሚ ሆኖ ያንኑ ፋይል ለማንበብ መሞከር። ሆም ፎልደሩ ከሆነ የዘጋው፣ ለሌላው የማለፍ ፈቃድ ብቻ መጨመር፣ ወይም በኤሲኤል (ለአንድ ተጠቃሚ ለይቶ ፈቃድ በሚሰጠው ዘዴ) ለሰርቨሩ ተጠቃሚ ብቻ መስጠት ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ድረ ገጹን ከሆም አውጥቶ ለዚህ ሥራ ወደተመደበው «ቫር» ወይም «ኤስአርቪ» ሥር ማዛወር ነው፤ በተለይ አገልግሎቶችን በሚያስነሳው በሲስተምዲ፣ አገልግሎቱ ላይ «ፕሮቴክትሆም» በርቶ ከሆነ ለሂደቱ የሆም ፎልደሮች ጭራሽ ስለማይደረሱ፣ በቺሞድ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው።

777 ራሱ ስህተት የሚሆንበትም አለ። ስክሪፕቶችን በሌላ ተጠቃሚ ስም የሚያስኬደው የአፓቺ «ሱኤክሴክ» አንድን ስክሪፕት ከማስኬዱ በፊት ፋይሉም ሆነ ፎልደሩ በሌላ ሰው ሊጻፍባቸው እንደማይችል ያረጋግጣል፤ ከተቻለ እንቢ ይላል፣ ጎብኚውም 500 ያያል። ድረ ገጹ በኤክስፋት የተፎረመተ ውጫዊ ዲስክ ላይ ካለ ደግሞ ቺሞድ ምንም አይለውጥም፤ ያ የፋይል ሥርዓት የሊኑክስን ፈቃድ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። እዚያ ፈቃድ የሚወሰነው ዲስኩ ሲያያዝ በሚሰጠው የ«ዩማስክ» አማራጭ ነው።

«በኋላ ታጠብቁታላችሁ» ለሚለው ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ወደ ምን? ቺሞድ በፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሚያካትተው ከትልቁ «አር» አማራጭ ጋር ሲሄድ የቀድሞውን ሁኔታ የትም አይመዘግብም። የትኛው ፋይል 640 ነበር፣ የትኛው 600፣ የትኛው ስክሪፕት የማስኬድ ፈቃድ ነበረው? ጠፍቷል። ለመመለስ ሁሉንም 755 ማድረግም ሌላ ስህተት ነው፤ ምስሉም ጽሑፉም ሁሉ «የሚሄድ ፕሮግራም» ይሆናል። ጽሑፉ ቢያንስ በቺሞድ ውስጥ ስላለው ትልቁ «ኤክስ» ቢናገር በጠቀመ ነበር፤ እሱ የማለፍ ፈቃድን ለፎልደሮች ይሰጣል፣ ተራ ፋይሎችን ግን አስቀድሞ የማስኬድ ፈቃድ ከሌላቸው ይተዋቸዋል።

«ባለቤትነቱን ለሰርቨሩ ስጡት፤ ካልሆነ በሩት አስኪዱት»

የዚህ የመጀመሪያው ክፍል ግማሽ እውነት አለው። ጎብኚዎች ምስል የሚጭኑበት ፎልደርና ካሽ የሚቀመጥበት ቦታ ሰርቨሩ ሊጽፍባቸው ይገባል። ዎርድፕሬስ ራሱን በራሱ እንዲያዘምን የሚፈልግ ሰውም ለኮዱ የመጻፍ ፈቃድ መስጠቱ አይቀርም፤ ይህ ታስቦበት የሚገባበት ምርጫ ነው፣ ስህተት ነው አልልም። ከዚያ ውጭ ግን ኮዱ የአስተዳዳሪው ሆኖ፣ ግሩፑ የሰርቨሩ ሆኖ፣ ፎልደሩ 750 ፋይሉ 640 ቢሆን ሰርቨሩ ያነባል፣ መቀየር ግን አይችልም። ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም (የፒኤችፒ ስክሪፕቶችን ለብቻው የሚያስኬድ አገልግሎት) የሚጠቀም ሰው ደግሞ «የሰርቨሩ ተጠቃሚ» ስንል ሁለት ሰው ሊሆን እንደሚችል ይወቅ፤ ምስሉን የሚያነበው ኤንጂንኤክስ በአንድ ስም፣ ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ኤፍፒኤም በሌላ ስም ሊሄዱ ይችላሉ። ባለቤትነቱን ለአንዱ ብቻ ሰጥቶ ሌላውን መዝጋት በጣም የተለመደ ነው፤ ስክሪፕቱ ይሠራል፣ ምስሎቹ ግን 403 ይላሉ።

ሁለተኛውን ክፍል፣ በሩት ማስኬዱን፣ በዝርዝር መሟገት አያስፈልግም። ኤንጂንኤክስም አፓቺም ዋና ሂደታቸው በሩት የሚነሳው ከ1024 በታች ያሉትን እንደ 80 እና 443 ያሉ ፖርቶች ለመያዝ ነው፤ ጎብኚውን የሚያስተናግዱት ልጆቻቸው ሥልጣኑን ጥለው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ያን መሻር ማለት በፕሮግራሙ ውስጥ ያለችው ትንሿ ቀዳዳ የማሽኑ ሁሉ ቀዳዳ ትሆናለች ማለት ነው። አፓቺ በሩት ልሂድ ሲባል አይነሳም፤ የግድ ከተባለ ከምንጭ ኮዱ እንደገና መገንባት አለበት፣ ያን የሚፈቅደውም መቀየሪያ ስሙ «ትልቅ የደህንነት ቀዳዳ» ነው። ሠሪዎቹ ከዚህ በላይ እንዴት ይናገሩ?

«ኤችቲአክሰስን አጥፉት»

ለአንድ ደቂቃ ስሙን ቀይሮ ገጹን መሞከር ጥሩ የመመርመሪያ ዘዴ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ማጥፋት ግን ሌላ ነው። ያ ፋይል ብዙ ጊዜ በመጫኛ ፎልደሩ ውስጥ ስክሪፕት እንዳይሄድ የሚከለክለው፣ የአስተዳዳሪውን ክፍል በይለፍ ቃል የሚጠብቀው እሱ ነው። ኤንጂንኤክስ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ምክሩ ጭራሽ ትርጉም የለውም፤ ኤንጂንኤክስ ይህን ፋይል አያነበውም። አፓቺ 2.4 ላይም ቢሆን ኮንፊጉ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር አይነበብም።

የኮንፊግ ክልከላ በብዛት የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አፓቺ 2.4 የመዳረሻ ፈቃድን አጻጻፍ ቀይሯል፤ በ«ኦርደር» እና በ«አላው» ይጻፍ የነበረው በ«ሪኳየር» ተተክቷል። ዋናው ኮንፊግ መላውን የፋይል ሥርዓት በ«ሪኳየር ኦል ዲናይድ» ይዘጋና የተፈቀዱትን ፎልደሮች ለይቶ ይከፍታል። ድረ ገጹን ከተለመደው ውጭ ያስቀመጠ፣ ወይም የድሮ ኮንፊጉን እንዳለ ይዞ የመጣ ሰው ለዚያ ፎልደር «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» ካልጻፈ ኤኤች01630 ይጠብቀዋል። ፋይል በማጥፋት አይድንም፤ አንድ መስመር በመጨመር ይድናል።

«ኤስኢሊኑክስና ሞድሴኩሪቲ ለትልልቆች ናቸው»

ከርነሉ በቁጥር 13 ከልክሎ፣ ኔምአይ ላይ ግን ፈቃዱ ሁሉ የተስተካከለ ሆኖ ሲታይ ያን ጊዜ ኤስኢሊኑክስን መጠርጠር ይገባል። በፌዶራ፣ በሬድ ሃትና በቤተሰቦቹ ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ፋይል ስያሜ ይለጠፍበታል፤ የድር ሰርቨሩ ማንበብ የሚችለው ለድር ይዘት የተሰየመውን ነው።

አብዛኛው ሰው የሚጠመድበት ወጥመድ ቀላል ነው። ፋይሉን ሆም ፎልደሩ ውስጥ አዘጋጅቶ በ«ኤምቪ» ወደ ድረ ገጹ ፎልደር ያንቀሳቅሰዋል። ኤምቪ ፋይሉን ከነቀድሞ ስያሜው ነው የሚወስደው፤ «ሲፒ» ቢጠቀም ኖሮ አዲሱ ቅጂ የመድረሻውን ፎልደር ስያሜ ይይዝ ነበር። «ኤልኤስ»ን ከትልቁ «ዜድ» ጋር ቢያስኬዱት ልዩነቱ ይታያል። መድኃኒቱ «ሪስቶርኮን» የምትባል አንዲት ትእዛዝ ናት፤ ፋይሎቹ ባልተለመደ ቦታ ከሆኑ ደግሞ በ«ሴማኔጅ» ቦታውን አስመዝግቦ ከዚያ ሪስቶርኮን። መላውን ጥበቃ ከመዝጋት የሚያጥር እንጂ የሚረዝም መንገድ አይደለም።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ፦ «ሴትኤንፎርስ 0» ብሎ ለአንድ ሙከራ ወደ ፈቃጅ ሁኔታ ማዛወር ጥሩ ምርመራ ነው፤ ገጹ ከተከፈተ ጥፋተኛው ታወቀ። በዚያ ሁኔታም ቢሆን ሊከለክል የነበረውን ሁሉ ሎግ ላይ መጻፉን አያቆምም። ችግሩ ጽሑፉ እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው፤ ከነጭራሹ አጥፍታችሁ ማሽኑን አስነሱት ይላል። እንዲያ ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚፈጠሩ ፋይሎች ስያሜ አያገኙም፤ አንድ ቀን ልመልሰው ያለ ሰው የሚገጥመው የዛሬው አንድ 403 ሳይሆን የማሽኑ ግማሽ እንቢታ ነው።

ሞድሴኩሪቲም እንዲሁ ነው። ስለ ዳታቤዝ የሚያስተምር ጽሑፍ በራሱ ገጽ ላይ ሊያስቀምጥ ሲል 403 የሚመጣበት አስተዳዳሪ ብዙ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ያለው የኤስኪውኤል ምሳሌ ጥቃት መስሎት ነው የሚከለክለው። ተሳስቷል፤ ግን የትኛው ሕግ እንደተሳሳተ ቁጥሩን ሎጉ ላይ ይጽፋል። ያንን አንድ ሕግ፣ ለዚያ አንድ መንገድ ብቻ ማንሳት ይቻላል። ለጊዜው ሁሉንም ማላላት የፈለገ ሰውም «ዲቴክሽንኦንሊ» በሚለው ሁኔታ ሳይከለክል እንዲመዘግብ ማድረግ ይችላል።

«ካሹን አጽዱ»

አጭር መልስ ይበቃዋል። አርኤፍሲ 9110 ያለ ግልጽ ትእዛዝ በካሽ ሊቀመጡ ይችላሉ ብሎ ከዘረዘራቸው ምላሾች ውስጥ 404 አለ፣ 403 የለም። ስለዚህ የቆየ 403 ብራውዘር ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ እምብዛም ነው። ኩኪ ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ያረጀ የመግቢያ ኩኪ ፕሮግራሙ ራሱ 403 እንዲመልስ ያደርጋል። ይህን ለመለየት ሰርቨሩ ላይ ሆኖ ያለ ብራውዘር ገጽን በሚጠራው «ከርል» በሚባለው ትእዛዝ ገጹን መጥራት ነው። እዚያም 403 ካለ ብራውዘሩ ነጻ ነው። በከርል ከፍቶ ከውጭ ሲጠራ 403 ካለ፣ አክሰስ ሎጉ ላይም ጥያቄው ጭራሽ ካልታየ፣ የከለከለው ፊት ለፊት ያለው ሲዲኤን ወይም ፕሮክሲ ነው፤ ፋይሎቹን መነካካት ትቶ የዚያን ቅንብር መመልከት ይገባል።

ገጹ ይመለስ፣ መረዳቱ ይደርሳል?

የጽሑፉ ጠንካራ ሙግት ይህ ስለሆነ በቀጥታ ልመልስለት። ገጹ ተዘግቶ እያለ ትምህርት ግቡ ማለት ጭካኔ ነው፤ እስማማለሁ። ነገር ግን የቀረበው አቋራጭ ከሎጉ መንገድ አይፈጥንም። በጽሑፉ ቅደም ተከተል የሄደ ሰው የመነሻ ፋይሉ ጠፍቶ ከሆነ ፈቃዱን ከፍቶ፣ ባለቤትነቱን አዛውሮ፣ በሩት አስኪዶ፣ ኤችቲአክሰሱን አጥፍቶ፣ ኤስኢሊኑክሱን ዘግቶ፣ ካሹን አጽድቶ ሲጨርስ ገጹ አሁንም 403 ይለዋል። ሎጉ ግን በመጀመሪያው መስመር ነግሮት ነበር።

ሌላው ደግሞ አምስት ነገር ባንድ ላይ ከፍቶ ገጹ ቢከፈትስ የሚለው ነው። ከአምስቱ የቱ ነበር መፍትሔው? አያውቅም፤ ስለማያውቅም አራቱን መልሶ ለመዝጋት ይፈራል። «ለጊዜው» የተባለው እንደዚሁ ይቆያል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሮ፣ ሞክሮ፣ ካልረዳ ወደነበረበት መልሶ መሄድ ዝግ ያለ ይመስላል እንጂ በመጨረሻ የሚቀረው ለውጥ አንድ ብቻ ነው።

ምክሩን አስቀድመው ለተከተሉ ሰዎች፣ መመለሻው እንዲህ ነው። በ«ፋይንድ» ፎልደሮችን ለይቶ 755፣ ፋይሎችን ለይቶ 644 ማድረግ፤ የይለፍ ቃል ያለበትን የኮንፊግ ፋይል 640 አድርጎ ግሩፑን ስክሪፕቱን ለሚያስኬደው ተጠቃሚ መስጠት፤ የመጫኛና የካሽ ፎልደሮችን ብቻ እንዲጻፍባቸው መተው። ሆም ፎልደሩ ተነክቶ ከሆነ፣ አሁን ያለውን የኤስኤስኤች መስኮት ሳይዘጉ ወደ 750 ወይም 711 መመለስና በሌላ መስኮት መግባት መቻሉን ማረጋገጥ። ኤስኢሊኑክስ ጠፍቶ ከሆነ በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ጥበቃ አይዝለሉ፤ መጀመሪያ ፈቃጅ ሁኔታ ላይ አድርጎ፣ በሥሩ ፎልደር «አውቶሪሌብል» የሚባል ባዶ ፋይል ከነነጥቡ ፈጥሮ ማሽኑን ማስነሳት፣ ስያሜው ሁሉ ተለጥፎ ሲያልቅ ሎጉን አይቶ ማብራት። ገጹ 777 ሆኖ የቆየበትን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተፈጠሩና የተቀየሩ የፒኤችፒ ፋይሎችን ይፈልግ፤ በተለይ ምስል ብቻ ሊኖርበት በሚገባው ፎልደር ውስጥ።